ቀይዋ ነጥብ

ሥዕሉን ሲያወርዱት ማክሰኞ ማለዳ፣
ነጣ ብሎ ቀረ የዋለበት ግድግዳ።
«ሽማግሌው ከብዷል» አለ አንዱ ወዛደር፣
ጓደኛው መሰላል ላይ ገመዱን ሲያስር፤
እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ አይ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ የጻፍኩለት፣
ሻዩን ያለ ስኳር በጧት ያቀረብኩለት፣
ዊልፍሬድ ኦዲ ነው፣ ሊቀ መንበር ያልነው፣
በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያለው።
ባንኩ ለባንክ ተሸጠ፤ እንዲህ ነው ነገሩ፦
ሊቁ ምድር ቤት ወርዶ ለጨረታ ወጣ መንበሩ።

አባቱ ሸማኔ፣ የሃሊፋክስ ሰው፣
የምንጣፍ ፋብሪካ አቧራ ሳምባውን የጨረሰው።
ልጁ በዐሥራ ስድስት ባንክ ቤት ተቀጠረ፤
ብልቃጥ ቀለም ሞላ፣ የመዳብ ሳንቲም ቆጠረ
ጣቱ እስኪጠቁር ድረስ።
አንድ ማታ ታዲያ ፔኒ ጎደለችና
ሒሳቡ አልዘጋ አለ። ማን ወደ ቤት ይሂድ?
ገንዘብ ያዡ፣ አለቃው፣ ተላላኪው ሳይቀር
በጉልበት ተንበርክከው ወለሉን ዳበሱ።
«ከሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ ቆማ አገኘኋት» ይለኛል፣
ገና በመጣ ቁጥር ይህንን ያወጋኛል፤
«የጎደለ አይጠፋም፣ ሚስ ትዌይት» ይላል፣
«ፈላጊው ነው እንጂ ሰልችቶት የሚጠፋ።»

ለንደን ሲገባማ የሰሜን ዘዬውን
ባቡር ላይ ረሳው እንደ አሮጌ ጃንጥላ፤
ሲቆጣ ብቻ ነው ከጉሮሮው ኋላ
ብቅ የሚል።
ከፎቅ ወደ ፎቅ ወጣ፣ ሳይሮጥ፣ ሳያነክስ፤
ብድር የከለከለውን ሰው እንኳ እስከ በሩ ድረስ
ኮፍያውን አቀብሎ ይሸኘው ነበረ።
ትዳር አልያዘም። ለምን? አልጠየቅሁትም።
እሱ ሳይወልድ ቀርቶ ገንዘቡ ወለደ፣
በመቶ አምስት ተኩል እየተዋለደ፤
ለሰው የቆጠረውን ለራሱ ሳይቆጥር
ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ ሆነ ሊቀ መንበር፦
የባንኩ፣ የመርከቡ፣ ያንድ ቢራ ፋብሪካ፣
ደግሞም የዚያ ምንጣፍ፣ የአባቱ፣ ለካ።

የስብሰባው ክፍል ምንጣፉ ሰማያዊ፣
የዚያው ፋብሪካ ነው፣ የጥንት፣ ጠንካራ ሥራ፤
ከጠረጴዛው በታች፣ ከእግሩ በስተግራ፣
አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፣ የሸማኔ ስሕተት።
«ስሕተት?» አለኝ አንዴ፣ ክራቫቱን ፈትቶ፤
«አባቴ ጥቅሉን ሲጨርስ፣ ከተቆጣጣሪ ዐይን ሰርቆ
አንዲት ቀይ ክር ያስገባ ነበር።
ስም መጻፍ ክልክል ነው።»

በሰባ ዘጠኝ፣ ኅዳር፣ ፋብሪካው ከሰረ፤
«ይዘጋ» የሚል እጅ ዐሥራ አንድ ተቆጠረ፣
ዐሥራ ሁለተኛው የሱ።
ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ጫማውን አየሁት፤
ነጥቧ ላይ ነበረ።

ለስድስት መቶ አርባ ሰው የሚላክ ደብዳቤ
ሦስት ጊዜ አስጻፈኝ። ቁጥሩ አልተነካ፤
«እናዝናለን» የሚል አንድ ቃል ነው ለካ።
አስገቢው አለኝ፤ አውጪው አለኝ፤ አስገቢው።
በመጨረሻ «አውጪው» ሲል፣ ተውኩት እንዳለ።
አነበበ። ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ
ፈርሞ ሰጠኝ።

በዓመቱ ሰይፍ ትከሻውን ነካ፣ ሰር ተባለ።
ሲሸኙት የወርቅ ሰዓት፣ ንግግር፣ የዓሣ ምሳ።
ስካርቦሮ ሞተ፣ በመጋቢት፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፤
ጋዜጣው ዐሥራ አራት መስመር ጻፈ፣
ዘጠኙ ስለ ትርፍ።

ዛሬ ምንጣፉንም ሊያነሡት መጥተዋል።
የእኔም ጡረታ ዓርብ ነው፤ ጉልበቴም ያመኛል፤
ቢሆንም ተንበረከክኩ፣ ከነፖስታ መቀሴ፣
ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ በሥራ ቀሚሴ።
መብራቱ አይደርስም። ዐይኔም እንደ ድሮ አይደል።
«ምን ጠፋብዎት፣ እመቤቴ?» አለኝ ባለ ገመዱ።
«ፔኒ» አልኩት።
ቆቡን አወለቀና እሱም ተንበረከከ፣
ከጎኔ፣ ሳይጠይቅ፣ ወለሉን ሊዳብስ።